መነጽር ጠጋኙና አላፊ አግዳሚ

ዓርብ፣ መጋቢት 16 ቀን፣ ረፋዱ ላይ መነጽር ጠጋኙ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ሳይጨርሰው ከወንበሩ ተነሣ። ዓረፍተ ነገሩ «መሐንዲሱ በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ፣ የመጣበትን ሐዲድ ተከትሎ በእግሩ ወደ» ይልና እዚያው ላይ ይቆማል። ወደ የት እንደሆነ አልተጻፈም። ኮምፒውተሩ ረቂቁን እንዳለ አስቀምጦታል፤ ሚስቱም እስከ ዛሬ አንዲት ፊደል አልጨመረችበትም። በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

ሰው ሲሞት የሚወራለት ሁሉ ያማረ ነው። ሊያጽናኑ ከመጡት መካከል አንዱ «እንደሱ ያለ ዝምተኛ አይገኝም» አለ፤ ሌላው «ከሰው ተጣልቶ አያውቅም» ሲል አከለበት። ሚስትየዋ ግን ዕድሜዋን በሆስፒታል መዝገብ ክፍል ያሳለፈች ሴት ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችውም የመዝገብ አያያዝ ነው፤ ያልተጣራ ነገር ስትሰማ፣ ሐዘን ላይ ሆናም ቢሆን፣ አያስችላትም።

«ከእኔ ጋር ወራት ሙሉ ተጣልቷል፤ ያውም በጽሑፍ። ኢንተርኔት ላይ አለ፤ የፈለገ ሄዶ ያንብበው» አለች።

እንግዶቹ ተያዩ። ሐዘኑ አእምሮዋን የነካት መሰላቸው። እሷ ግን እንደ ሁልጊዜዋ ልክ ነበረች።

የሰውዬው ሱቅ በጫማ ሰፊና በፎቶ ኮፒ ቤት መካከል የተሰነቀረች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ትንፋሹን ደጅ ትቶ የሚገባባት ክፍል ነበረች። መሳቢያዎቹ ውስጥ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህሉ ብሎኖች በየዓይነታቸው ተለይተው ይቀመጣሉ። አንዷ ከእጁ ካመለጠች «ማንም እንዳይንቀሳቀስ» ይልና በአራት እግሩ ይወርዳል፤ ደንበኛውም እንደ ሐውልት ቆሞ ይጠብቃል። ባለቤት ጠፍቶባቸው የቀሩ መነጽሮች በሲባጎ ተሰቅለው ከጣሪያው ሥር ሆነው ገቢ ወጪውን ያያሉ።

ግድግዳው ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርድ የፊደል ሰሌዳ አልነበረውም። መነጽሩን ጠግኖ ሲያበቃ ከመደርደሪያው ልብ ወለድ ያወጣና «እስቲ ከዚህ ጀምረህ አንብብልኝ» ይላል። ደንበኛው ማንበብ ይጀምራል፤ አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ ይሄዳል።

«እንዴት ነው፣ ይታያል?»

«ይታያል። ግን ልጅቷ ደብዳቤውን ከፈተችው?»

«እሱን በሌላ ቀን።»

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ግራ ዓይኔ ላይ ጭጋግ አለ እያለ ሳምንቱን ሙሉ ተመላልሷል። ሌንሱ ንጹሕ ነበር፤ ያላለቀው ምዕራፉ ነው።

ወደ ኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት ያገባውም ይኸው የልብ ወለድ ፍቅሩ ነው። አንድ ቀን ስለሚወደው መጽሐፍ የተጻፈውን ሊያይ ቢገባ ሁለት መስመር አገኘ፤ በሁለቱ መስመሮች ውስጥ ሦስት ስሕተት። አረማቸው። በማግሥቱ አንድ የማያውቀው ሰው «እናመሰግናለን» ብሎ ጻፈለት። ሚስቱ ኋላ እንደምትለው ሰውዬው በሠርጉ ቀን እንኳ እንደዚያ ፊቱ አልበራም። ከዚያ ወዲያ ስለ ልብ ወለዶች የተጻፉ ገጾችን ከሚያርሙ በጎ ፈቃደኞች ጋር ገጠመ፤ ስሙንም «ሰባራ መነጽር» አለ።

ማኅበርተኞቹ ተያይተው አያውቁም። በየጠባያቸው ነው የሚተዋወቁት። «ጉንዳን» የምትባለው ዳቦ መጋገሪያ ቤት የምትሠራ ወጣት ናት፤ ሊጡ ኩፍ እስኪል ድረስ የሰው ነጠላ ሰረዝ ስትለቅም ትቆያለች። «ዳኛው» ደግሞ ጡረተኛ ሽማግሌ ነው፤ ክርክር በተነሣ ቁጥር ይመጣና «ጉዳዩ ታይቷል» ብሎ ይጀምራል። የፍርድ ቤት ዳኛ መስሏቸው ሁሉም በአክብሮት ይጽፉለት ነበር። የእግር ኳስ ዳኛ እንደነበረ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ጉንዳንን ስለ አንድ ርእስ «ከጨዋታ ውጪ ነሽ» ያላት ቀን ነው።

የማኅበሩ ሕግ አንድ ነው፤ የሚጻፈው ሁሉ ምንጭ ይኑረው። ምንጭ ለሌለው ነገር ከጎኑ «ምንጭ ያስፈልጋል» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል፤ ካልመጣለት ይሰረዛል። መነጽር ጠጋኙ ይህን ሕግ ከመውደዱ የተነሣ ቤቱ ድረስ ይዞት መጣ። ሚስቱ «ጎረቤት የሚያከራየው ክፍል ተይዟል አሉ» ስትለው «ማን አለ?» ይላል። «ዛሬ ይዘንባል» ስትለው «በማን ትንበያ?» ይላል።

ጠቡ የመጣው በኅዳር ነው። መነጽር ጠጋኙ «ባለ አንድ ጓንቱ መሐንዲስ» ስለሚባል፣ አንዴ ታትሞ ስለተረሳ መጽሐፍ አዲስ ገጽ ጻፈ። መጽሐፉን አሮጌ መጻሕፍት በኪሎ ከሚሸጥ ሰው ነበር የገዛው። ታሪኩ የአንድ መሐንዲስ ነው፤ ቀን ድልድይ ሲለካ ይውልና ማታ ቤቱን ይለካል። ከሚስቱ ጋር መስኮት ይከፈት አይከፈት በሚል ተጣልቶ ሻንጣውን አንሥቶ ይወጣል።

«ከዚያ ባቡር ላይ ወጣና ሄደ። አለቀ» አለ ሰውዬው፣ ሾርባውን እያማሰለ፣ የጻፈውን ለሚስቱ ሲነግራት።

«አልሄደም፤ ተመልሷል» አለች።

«የት ገጽ ላይ?»

«መጨረሻው ላይ ነዋ። በሩን አንኳኳ፤ ሚስቱ ከፈተችለት።»

ተነሥቶ መጽሐፉን አመጣ። «መጨረሻው ይኸውልሽ። ‹ባቡሩ ተንቀሳቀሰ› ይላል። አራት ነጥብ። ከዚያ በኋላ ያለው ሽፋኑ ነው።»

«አንብቤዋለሁ እኮ ነው የምልህ።»

«መቼ?»

«በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ።»

ሰውዬው ማንኪያውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ሚስቱ በደንብ የምታውቀው ነገር መጣ። «ምንጭ አለሽ?» አላት።

ይህች ሴት በሥራዋ መስኮት ላይ ሆና የሰውን ሁሉ ቃል ስትመልስ የኖረች ናት። «እዚህ ነው የተወለድኩት፤ እናቴ ነግራኛለች» ለሚላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «በቃል የተወለደ ሰው የለም፤ ወረቀት ይምጣ።» አሁን ያው ቃል ከገዛ ባሏ አፍ መጣባት። ወረቀት ግን አልነበራትም። መጽሐፉን የተዋሰችበት ቤተ መጻሕፍት የቤት ዕቃ መሸጫ ሆኗል።

ነገሩ ለእሷ የመጽሐፍ ነገር ብቻ ቢሆን በቀለላት። ያንን መጽሐፍ ያነበበችው ለአባቷ ነበር፤ የመጨረሻውን ሕመም ሲታመሙ፣ አልጋቸው አጠገብ ወንበር ስባ። አባትየው የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ፤ በዕድሜያቸው ከውኃ ቆጣሪ ሌላ ያነበቡት ነገር የለም። ለመሐንዲሱ ግን ልባቸው ተንጠለጠለ። «ይኸ ቂል ዛሬስ የት ደረሰ?» እያሉ ይቀሰቅሷት ነበር። ያለቀ ዕለት «ጥሩ አድርጋለች» አሉ፤ በሩን የከፈተችውን ሚስት ማለታቸው ነው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ከእሳቸው የሰማችው የመጨረሻ ቃል ያ ነው። እንግዲህ መሐንዲሱ ካልተመለሰ፣ በሩም ካልተከፈተ፣ አባቷ ጥሩ አድርጋለች ያሉት ማንን ነው?

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት፣ መዝገብ ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ መዝገበ ዕውቀቱ ውስጥ ገብታ ተመዘገበች። ስም ሲጠይቃት በመስኮቱ የሚያልፈውን ሰው አየችና «አላፊ አግዳሚ» ብላ ጻፈች። ከዚያ የባሏን መጨረሻ ሰርዛ «መሐንዲሱ ወደ ቤቱ ተመለሰ» አለች። ማታ ሰውዬው ቤት ገብቶ አየና ወደነበረበት መለሰው። እሷ ወጥ ቤት ሆና በስልኳ እንደገና ሰረዘችው። እሱ መለሰው። በአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ሆነው መሐንዲሱን ባቡር ላይ ሲያወጡና ሲያወርዱ ከረሙ።

ክርክሩ የውይይት ገጹ ላይ አለ። አላፊ አግዳሚ «ይህ ዓረፍተ ነገር ልጓም የለውም፤ ወዴት እንደሚጋልብ ጸሐፊውም የሚያውቅ አይመስልም» ይላል። ሰባራ መነጽር «ክቡር አላፊ አግዳሚ፣ እንደ ስምዎ ቢያልፉ ምን ይከብድዎታል?» ሲል ይመልሳል። አላፊ አግዳሚ፦ «መንገዱ ላይ እርስዎ ተጋድመው እንዴት ልለፍ?»

ማዕድ ላይ ደግሞ ሌላ ነው።

«ይኸ አላፊ አግዳሚ የሚሉት ሰውዬ ሥራ የለውም መሰለኝ» ይላል መነጽር ጠጋኙ፣ ዳቦውን እየቆረሰ።

«ሴት ብትሆንስ?»

«ሴት ይኼን ያህል ትርፍ ጊዜ አላት?»

«ባሏ ሳህን የማያጥብላት ሴት የላትም፤ እውነትህን ነው።»

አንድ ቀን ምድጃ ላይ የተጣደው ሾርባ አረረ። ሰውዬው ጭሱን አሽትቶ ብቅ አለና ስልኳን ከነእጇ አየ። «የራስዋ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለ። እሷም ስልኩን ከሽርጧ ኪስ ከተተችና «መልእክት ነው፤ ከሥራ ቦታ» አለችው። ወደ ኮምፒውተሩ ሲመለስ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሳል መሰላት።

በመጨረሻ ዳኛው መጣ። «ጉዳዩ ታይቷል። ሰባራ መነጽር ገጽ ጠቅሰዋል። አላፊ አግዳሚ የጠቀሱት አባታቸውን ነው። አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ምንጭ አይደሉም» ብሎ ጻፈ።

ዳኛው ይህን በጻፈ ሰሞን አንድ የራዲዮ ጣቢያ በቅዳሜ የመጻሕፍት ዝግጅቱ ስለ መሐንዲሱ አወራ። አቅራቢው በሚያምር ድምፁ «መሐንዲሱ ሻንጣውን እንደ ታመመ ልጅ ታቅፎ ባቡሩ ላይ ይወጣል፤ ታሪኩም በዚሁ ይቋጫል» አለ። ጉንዳን ሰምታ ኖሮ ለማኅበሩ አመጣችው። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ «ራዲዮ ጣቢያ ገለልተኛ ምንጭ ነው። ክርክሩ ተዘግቷል።» ጉንዳን ደግሞ ገጹ ለምርጥነት ቀርቦ በመዝገበ ዕውቀቱ የፊት ገጽ ላይ ይውጣ አለች። ሰባራ መነጽር እንዲህ ያለ ክብር አግኝቶ አያውቅም።

አላፊ አግዳሚ ከዚያ ወዲያ ምንም አልጻፈም።

ሚስትየዋ ራሷን መጠራጠር ጀመረች። መዝገብ ስትይዝ የኖረች ሰው ምስክርነት እንዴት እንደሚበላሽ ታውቃለች፤ ሰው ያልሆነውን ሆኗል ብሎ በሙሉ ልቡ ሲምል ስንቴ አይታለች። እኔስ ብሆን? አለች። አባቴ ምንም አላሉ ይሆናል። በዚያ ሳምንት አንድ ሽማግሌ ስለ ሞተ ወንድማቸው ልደት ሊጠይቁ ወደ መስኮቷ መጥተው «ወረቀት የለኝም» ሲሏት «ይንገሩኝ እስቲ» አለቻቸው። ሽማግሌው ከወንድማቸው እርግብ ማርባት ጀምረው ነገሯት። ሰልፉ ደጅ ደረሰ። ባልደረባዋ አሟት እንደሆነ ጠየቀቻት።

መነጽር ጠጋኙም ያሰበውን ያህል አልተደሰተም። ማታ ማታ ሾርባው አያርም፤ ቤቱ ውስጥ የሚያስቅ ነገር ጠፋ። የራዲዮው ዝግጅት ሲደገም ሱቁ ውስጥ ሆኖ የአንዲት ተማሪ መነጽር እግር እያጠበቀ ሰማው። «እንደ ታመመ ልጅ ታቅፎ» የሚለው ጋ ሲደርስ ካቻቪቴው እጁ ላይ ቆመ።

ይህ አባባል መጽሐፉ ውስጥ የለም። የራሱ ነው። አንድ ደንበኛ ሻንጣውን እንደዚያ ታቅፎ ሱቁ ሲገባ አይቶ፣ ደስ ብሎት፣ ከሚገባው በላይ ተውቦ የጻፈው ነው። አቅራቢው መጽሐፉን በዓይኑም አላየውም፤ ያነበበው ገጹን ነው። ሰባራ መነጽር ተናገረ፣ ራዲዮው ደገመው፣ ሰባራ መነጽርም ራዲዮውን ምስክር አድርጎ ረታ።

ማታ ለማኅበሩ ጻፈ፦ «ምንጩ እኔ ነኝ። ራዲዮው የሚጠቅሰው እኔን ነው፤ ስለዚህ ራዲዮው አይጠቀስ።»

ዳኛው መለሰ፦ «ይህን ለማለትዎ ምንጭ አለዎት?»

«እኔው ነኝ የጻፍኩት እያልኩዎት ነው።»

«የራስዎ ቃል ለራስዎ ምንጭ አይሆንም። ደንቡን ለአላፊ አግዳሚ ያስተማሯቸው እርስዎ ነዎት።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ሰውዬው በገዛ ስሕተቱ ላይ ይግባኝ ማለት አቃተው። ይባስ ብሎ ዳኛው ጥርጣሬ ገባው። ረትቶ ሳለ በድንገት ለተረታው ወገን የሚከራከር ሰው አይቶ አያውቅማ። የመዝገበ ዕውቀቱን አስተዳዳሪዎች አስመርምሮ ውጤቱን በአደባባይ ለጠፈ፦ «ሰባራ መነጽርና አላፊ አግዳሚ የሚጽፉት ከአንድ የኢንተርኔት መስመር ነው። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። አንድ ሰው በሁለት ስም ከራሱ ጋር ሲከራከር ስለተገኘ ቢጫ ካርድ ተሰጥቶታል።»

መነጽር ጠጋኙ ይህን አነበበና ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ሚስቱ ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«አንድ ሰው ነን ይሉናል» አላት።

«እነማን?»

«እኔና አንቺ።»

ቢላዋው ቆመ። ሽንኩርቱን አየች፤ ባሏን አየች። «መቼ አወቅህ?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። ‹ልጓም የሌለው ዓረፍተ ነገር› የሚል ሰው ከአንቺ ሌላ ማን አለ? የሠርጋችንን ጥሪ ወረቀት ሳረቅ ያልሽኝ እኮ ነው።»

«እያወቅህ ነው እንግዲህ ‹ይኸ ሰውዬ ሥራ የለውም› ስትል የከረምከው?»

«ሾርባው ሲያርም ጭምር።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ሳቅ ቀደማት። የሽንኩርቱ ዕንባ ነው የሳቁ ብሎ ለመለየት ቸገረ። ሲበርድላቸው ሰውዬው ወንበር ስቦ ተቀመጠና ነገሩን ነገራት፤ ሻንጣውን፣ የታመመውን ልጅ፣ ራዲዮውን። ይህን ሲናገር አልሳቀም።

«ልክ ነሽ ማለቴ አይደለም። አላውቅም ማለቴ ነው» አላት።

ለዳኛው የሰጠው መልስ አሁንም የውይይት ገጹ ላይ አለ፦ «አንድ ቤት እንጂ አንድ ሰው አይደለንም። አንድ ሰው ብንሆንማ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ በተስማማን ነበር።» ዳኛው ካርዱን አነሣ። «የትዳር ጉዳይ ከሥልጣኔ በላይ ነው» ብሎም ፈረመበት።

በማግሥቱ ጠዋት ሰውዬው መጽሐፉን ሱቁ ወስዶ እንደ ታማሚ መብራት ሥር አጋደመው። በአጉሊ መነጽሩ የመጨረሻውን ገጽ ሥር፣ ስፌቱ የሚገባበትን ቦታ አየ። እዚያ፣ ከክሩ ሥር፣ ጥፍር የማትሞላ የወረቀት ጠርዝ ተጣብቃ ቀርታለች። አንድ ቅጠል ተቀዶ ወጥቷል። ባቡሩ የተንቀሳቀሰው ከገጹ ግርጌ፣ አራት ነጥቡም ልክ ጥጉ ላይ ስለሆነ ማንም ጎደለ ብሎ አይጠረጥርም። ሰው ሁሉ የሚያይበትን መነጽር እያበጀ፣ እሱ ራሱ አፍንጫው ሥር ያለውን አላየም ነበር።

አሁን ጠበኞቹ አንድ ላይ ሆኑ። ሙሉ መጽሐፍ ፍለጋ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥባቸውን ቦታዎች በሙሉ ዞሩ። ዳኛው ለቀድሞ የመስመር ዳኞቹ ደወለ፤ አንዳቸውም ልብ ወለድ አንብበው አያውቁም። ያገኘችው ጉንዳን ናት። ዳቦ ቤቷ እየመጡ የትናንት ዳቦ ብቻ የሚገዙ አሮጊት አሉ፤ የዛሬው ጥርሳቸውን ሳይሆን ገንዘባቸውን ይበላል ባይ ናቸው። ድሮ ማተሚያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። ጉንዳን እንዲያው ለጨዋታ ስለ መሐንዲሱ ብታነሣባቸው «እኔ ነኝ የመታሁት። አንድ ቅጂ አለኝ፤ ለማንም አላውስም» አሉ።

መነጽር ጠጋኙ አራት ፎቅ ደረጃ ወጥቶ፣ በየመታጠፊያው ቆም እያለ፣ በራቸው ደረሰ።

«እማማ፣ አንድ ገጽ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ገጽ ነጥዬ አልሰጥም። የነጠሉት ሰዎች ናቸው እንዲህ ያደረጉህ፣ ልጄ።» ፀጉሩ ሽበት ነበር፤ «ልጄ» መባሉ ደስ አለው። «ውሰደው። ዓርብ እኩለ ቀን ሳይሞላ ካልመጣ ግን ከነአያትህ አልምርህም። ስትመጣ ደግሞ ይቺን መነጽሬን አጥብቀህ አምጣልኝ፤ አፍንጫዬ ላይ መቀመጥ ትታ ትሮጣለች።»

መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሎ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ከሥራ እስክትመጣ ድረስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከፊቱ ተቀመጠ። አልገለጠውም።

«ምነው፣ ይነክሳል?» አለችው ገና ስትገባ።

«ብቻዬን ባየው ምንጭህ ማን ነው ትይኛለሽ።»

ኮቷን ሳታወልቅ አጠገቡ ተቀመጠች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ መብራት አላስፈለጋቸውም። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ቅጠሉን ገለጠች። መሐንዲሱ በሚቀጥለው ጣቢያ ወረደ፤ ሐዲዱን ተከትሎ በእግሩ ተመለሰ፤ ሰፈሩ ደረሰ። ሚስትየዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነበር የምታነበው። «አንኳኳ። ቆመ። ጠበቀ።» ከዚያ ባዶ ወረቀት ነው።

ገለበጠችው። ሽፋኑ መጣ።

«በሩስ?» አለች።

«የለም» አለ ባሏ፣ ቀስ ብሎ። «ተመልሷል፤ ልክ ነሽ። በሩ ግን የለም።»

እጇን ባዶው ወረቀት ላይ እንዳደረገች ቆየች። ከዚያ ያ ክፍል መጣላት፤ መድኃኒቱ፣ ወንበሩ፣ የአባቷ እጅ ብርድ ልብሱን ሲጎትት። እሷ «ጠበቀ» ብላ ስታቆም አባቷ ዓይናቸውን ገልጠው «ከፈተችለት?» አሏት። መጽሐፉን አየች፤ ምንም አልነበረም። «አዎ፣ ከፈተችለት» አለቻቸው። «ጥሩ አድርጋለች» አሉ።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት» አለች። የሆነውን ለባሏ ነገረችው። ከዚያ በኋላ እየደጋገመች ስታስታውሰው በሩ መጽሐፉ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

«ስለዚህ አባትሽ ሰምተዋል» አለ።

«ሰምተዋል።»

ሰውዬው ወደ ኮምፒውተሩ ዞር አለ። «ገጹ ላይ ግን ላስገባው አልችልም።»

«ማን አስገባ አለህ? ምንጭ የለውም» አለችና ኮቷን አወለቀች።

ዓርብ ጠዋት እሷ ሥራ ሳትገባ ቀረች፤ ሲጽፍ ማየት ፈልጋ ነው። ሰውዬው መጽሐፉን ከኮምፒውተሩ አጠገብ ዘርግቶ የድሮውን መጨረሻ ሰረዘ። የታመመውን ልጅም ሰረዘ፤ ያን ሲሰርዝ ከንፈሩን መጠጠ። አዲሱን ጀመረና ሰዓቱን አይቶ ተነሣ።

«አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ጨርሰሃት ሂድ» አለችው።

«ያላረካችኝን ጨርሻት ብሄድ አንቺ ታርሚያታለሽ። እማማ ደግሞ እኩለ ቀን ብለዋል፤ ካሳለፍኩ ‹ልጄ› ማለቱን ይተዉኛል።»

መጽሐፉን በፌስታሉ መልሶ ጠቀለለ፤ መነጽራቸውን ደረት ኪሱ ከተተ። ሚስትየዋ በመስኮት አየችው፤ መኪና መንገዱን ሲሻገር ጥቅሉን በሁለት እጁ ይዞት ነበር።

የቀረውን የነገሯት ታይፒስቷ ናቸው፤ ሁለት ጊዜ አስደግማ፣ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አግኝታዋለች። ሰዓቱ ሳይሞላ አንኳኳ። ደረጃው አድክሞት ስለነበር በሩ ላይ ትንሽ ቆመ። መጀመሪያ መነጽሩን ሰጣቸው፤ አድርገው ራሳቸውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ነቀነቁ፤ አልሮጠችም። ከዚያ መጽሐፉን ተቀብለው፣ እሱን እዚያው አቁመው፣ የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች አንድ በአንድ ገለጡ።

«ሙሉ ነው» አሉ።

«ሙሉ ነው፣ እማማ።»

«ከሚስትህ ጋር ተከራክራችሁበታል አለችኝ ልጅቷ። ማን ልክ ሆነ?»

«መጽሐፉ» አላቸው።

ግባና ሻይ ጠጣ አሉት። ሥራ ጀምሬ ትቼ ነው የመጣሁት፣ ሌላ ቀን፣ አላቸው። ባዶውን ፌስታል መለሱለት። አራገፈው፣ አራት አጠፈው፣ ኪሱ ከተተውና የደረጃውን ብረት ይዞ ወረደ።